ለራሴ ስደክም

መሮጥ የጀመርኩት በ53 ዓመቴ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎረቤቶቼ አዘውትሬ የሰማሁት ጥያቄ «ስኳር ተገኘብሽ እንዴ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። በእኛ ሰፈር በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ማለዳ ቱታ ለብሳ ከቤት የምትወጣው ሐኪም ሲያዛት ብቻ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ኮሌስትሮል ካለባት ሁሉም ይረዳላታል፤ እንዲያውም «በርቺ» ይላታል። እኔ ግን ምርመራዬ ሁሉ ደህና እንደሆነና የምሮጠው መሮጥ ስለምወድ ብቻ እንደሆነ ስናገር፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ርኅራኄ ወደ ጥርጣሬ ሲለወጥ አየሁ። ብታመም ኖሮ በምርቃት ይፈቀድልኝ የነበረው ነገር፣ ጤነኛ በመሆኔ የሚያስወቅሰኝ ሆነ።

አሁን 58 ዓመቴ ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት ከ50 በላይ ሆነው ስፖርት መጀመር የሚፈልጉ ብዙ ሴቶች ጠይቀውኛል። ከእነሱ መካከል ስለ ጫማ ወይም ስለ አተነፋፈስ የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት የጠየቁኝ «የሰውን አፍ እንዴት ቻልሽው?» ብለው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ሁሉንም ችዬዋለሁ ብዬ ግን አልጽፍም።

የሯጮች አገር ልጆች ሆነን ሳለ ይህ ለምን እንደሚሆን ብዙ አስቤበታለሁ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ስም በሰፈራችን ልጆች ሁሉ አፍ ላይ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ዕድሜውን ደጋግመው ይጠይቁት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ እኛ ግን ወርቁን እንጂ ዕድሜውን አልቆጠርንም። ከእሱ በፊት ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲወስድ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ ነሐስ ሲያገኝ ደግሞ 40 ሞልቶታል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ካሸነፈች ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ37 ዓመቷ፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። ቀነኒሳ በቀለም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሲወጣ አገር በሙሉ ተደስቷል። ስለዚህ ሕዝባችን ዕድሜው የገፋ ሯጭ አይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሮጡት ለባንዲራና ለእንጀራ ነው። በእኛ ዘንድ ሩጫ ሥራ ነው፤ ወጣቱ ከድህነት የሚወጣበት፣ ቤተሰቡን የሚረዳበት፣ ከተሳካለትም ቤትና ሆቴል የሚሠራበት የከበረ ሙያ። «አትሌት» የሚለው ቃል ራሱ የሚያመለክተው በዚህ ሙያ የሚኖረውን ሰው ነው፤ ሜዳሊያም ሽልማትም ሳይጠብቅ በየማለዳው የሚሮጥ የሒሳብ ሠራተኛ የሚጠራበት የተለመደ ስም የለንም። ለዚህም ነው ከስኳሩ ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው «ምን ታገኚበታለሽ?» የሚለው የሆነው። ጠያቂው በቅን ልቡ ትርፉን ፈልጎ ስላጣው ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር እየዘረዘርኩ መልስ እሰጥ ነበር፤ አሁን ግን «ደስ ይለኛል» ብዬ አቆማለሁ። ደስታን እንደ በቂ ምክንያት የሚቀበል ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እውነተኛው መልስ እሱ ስለሆነ በሌላ ልሸፍነው አልፈልግም።

ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳይ ያደረገችኝ አንዲት ስሟን የማላውቃት ሴት ናት። መሮጥ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩት። ዳገቱ ቀልድ አያውቅም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እግር ቢችል እንኳ ሳንባ እንቢ ይላል። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ፣ ባሕር ዛፍ ተሸክማ የምትወርድ ሴት አጠገቤ ደረሰች። ዕድሜዋ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ሸክሙ ከወገቧ በላይ አጉብጧት ስለነበር ፊቷን ቀና ለማድረግ እንኳ አትችልም ነበር። ከሸክሟ ሥር ሆና «አይዞሽ እህቴ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ብላኝ አለፈች። ከሰፈሬ ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ያላገኘሁትን ቃል ያገኘሁት ከእሷ ነው።

እስከ ላይ ድረስ ያሰብኩት ስለ እሷ ነበር። ያቺ ሴት በየቀኑ በሰፈራችን ስታልፍ «በዚህ ዕድሜሽ ጉልበትሽ ያልቃል» ያላት ሰው የለም። ነፍሷን ይማርና እናቴም እስከ 70 ዓመቷ ድረስ እንጀራ ስትጋግር፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ለዕድሩ ድስት ስታነሣ ኖራለች፤ ስለ ጉልበቷ የተጨነቀ ሰው አላስታውስም፣ እኔንም ጨምሮ። በዕድሜ የገፋች ሴት ለቤቷ፣ ለልጆቿ፣ ለለቅሶና ለድግስ እስከፈለገችው ድረስ ብትደክም ትመሰገናለች። ጥያቄ የሚነሣው ለራሷ መድከም ስትጀምር ነው። ይህን ካየሁ በኋላ የብዙዎቹ ተቃውሞ ስለ ዕድሜዬም ስለ ጤናዬም አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ላቤ ማንንም ሳይጠቅም ለእኔ ብቻ ሲፈስ ማየቱ ነበር የከበዳቸው። መረዳቴ ቅሬታዬን አላጠፋውም፤ ቢያንስ ግን በየማለዳው ዕድሜዬን ይዤ ከመከራከር አሳረፈኝ።

የጉልበቱ ነገር በራሱ መልስ የሚያሻው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚለውን ያልሰማ ሯጭ የለም፤ እኔም ፈርቼ አንብቤአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ለጤናና ለደስታ ከሚሮጡ ሰዎች መካከል የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት የታየባቸው 3.5 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከማይሮጡት መካከል 10.2 በመቶ፣ በውድድር ደረጃ ከሚሮጡት መካከል ደግሞ 13.3 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ሩጫ ጉልበትን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ጉልበታቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች መሮጥን ስለሚመርጡም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሳምንት አራት ቀን ሶምሶማ የምትሮጥ ሴት ጉልበቷን በገዛ እጇ እያጠፋች ነው የሚለው ፍርድ መሠረት እንደሌለው ለማወቅ በቂ ነው። ይህን ለሰዎች ስነግራቸው የሚቀበሉኝ ጥቂቶች ናቸው። ቁጥሩን የምይዘው ለእኔው መረጋጋት ነው።

የውጭ ሰው ንግግር ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ይረሳኛል። የማይረሳኝ የቤት ውስጡ ነው። ባለቤቴ አንድም ቀን አልከለከለኝም። ክፉ ቃልም አልተናገረኝም። ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ የጫማዬን ክር ሳስር ግን፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ «ዛሬም?» ይለኛል። አንዲት ቃል ናት። ያቺ አንዲት ቃል ስንት ቀን ወደ አልጋዬ እንደመለሰችኝ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት፣ በብርድና በጨለማ፣ ከሰው ልብ ውስጥ ያለው ፈቃድ ገና በጣም ቀጭን ነው፤ ሊበጥሰው ጠብ ወይም ጩኸት አያስፈልግም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ የፈለግሁት ድጋፍ ነበር። አብሮኝ እንዲወጣ፣ ስመለስ እንዲጠይቀኝ፣ ውድድር ላይ መጥቶ እንዲቆምልኝ። ይህን ሁሉ ስለፈለግሁ ባጣሁት ቁጥር አኮርፋለሁ፤ እሱም ለምን እንዳኮረፍኩ አይገባውም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችንም ቡና ጠጥተን በሰከነ ስሜት ላይ ሳለን፣ ድጋፉን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። «ስለ ሩጫዬ ያለህን ሁሉ ማታ ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ፤ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ግን ምንም አትበለኝ» አልኩት። ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ «ይህን ያህል ይከብድሻል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ላይ ተናግሮኝ አያውቅም። አብሮኝ አልወጣም፤ ውድድርም ላይ አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። ለሚጠይቁኝ ሴቶች ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ይህን ነው፦ የማይደግፍን ሰው ደጋፊ ለማድረግ ከመድከም፣ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ትንሽና ግልጽ ነገር መጠየቅ ይቀላል።

ታላቅ እህቴ ጋር ያለው ጉዳይ ግን በልመና የሚፈታ አልነበረም። የእሷ ቃል «የሰው መሳቂያ አታድርጊን» ነበር። «አታድርጊን» እንጂ «አትሁኚ» አላለችም፤ ነገሩን በደንብ የተረዳሁት በዚያች ቃል ነው። እኔ በአደባባይ በቱታ ስሮጥ የምታፍረው እሷም ናት፣ ያሳደገን ቤት ነው፣ ልትዳር የደረሰችው ልጄም ናት። ይሉኝታ አንድን ሰው ለብቻው አይዘውም። እህቴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ በተከራከርን ቁጥር ግን የድሮ ቂም ሁሉ እየተነሣ ከሩጫው ጋር ይቀላቀል ጀመር። ስለዚህ ስለ ሩጫ ማውራት አቆምን። ቤቷ ስሄድ በቀሚስና በነጠላ እሄዳለሁ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ እናታችን እንጨዋወታለን። ከሕይወቴ አንዱን ትልቅ ነገር ከእህቴ መደበቄ ያሳዝነኛል፤ እሷን ማጣት ግን ከዚያ የበለጠ ስለሚያሳዝነኝ ይህን መርጫለሁ።

ሁሉም ተቃውሞ ስሕተት ነው ብዬ እንዳልጽፍ የሚከለክለኝ አንድ ትዝታ አለ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ቤት ርቀው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አርፈው ድንኳን ተጥሎ ነበር። ቀብር ላይ ቆሜአለሁ፣ ማታም ለቅሶ ደርሻለሁ፤ በማግስቱ ማለዳ ግን እንደ ልማዴ ቱታዬን ለብሼ በዚያው በድንኳኑ ፊት ሮጥኩ። ሌሊቱን እዚያ ያደሩ ሰዎች አዩኝ። በማግስቱ ከዕድራችን ሴቶች አንዷ ስትቆጣኝ፣ እንደ ወትሮው የሰው ወሬ አድርጌ ልጥለው ፈለግሁ፤ ማታ ላይ ግን የሟቹን ልጅ ፊት አስታወስኩ። ቅር የተሰኘብኝ ሁሉ ተቃዋሚዬ ነው ማለት በመልመዴ፣ እውነተኛ ወቀሳ ሲመጣ መለየት አቅቶኝ ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ድንኳን ሲጣል ሠልስቱ እስኪያልፍ በሌላ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ፤ ወይም ከናካቴው አልወጣም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን የተረከዜ ነገር ነው። በሦስተኛው ዓመት የቀኝ ተረከዜ ጠዋት ጠዋት መሬት ስረግጥ እንደ ሚስማር ይወጋኝ ጀመር። ለሁለት ወር ያህል ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ቢሆን። ቤት ውስጥ ሳላነክስ ለመራመድ ጥርሴን እነክስ ነበር፤ ምክንያቱም «ብለን ነበር» የምትለውን ቃል ከሕመሙ የበለጠ ፈርቻት ነበር። መሮጥም አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ይጠይቁኛላ። የማይደግፉ ሰዎች የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። ንግግራቸው ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ አመመኝ የማለት መብትን ግን ይወስዳል። ወጣት ሯጭ ሲጎዳ ተጎዳ ይባላል፤ እኛ ስንጎዳ ግን ዕድሜያችን ተፈረደበት ይባላል።

ማነከሴ ሲታወቅ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ እግሬን ሳይነካ ዕድሜዬን ጠይቆ «በእርስዎ ዕድሜ ሩጫ ምን ያደርጋል? ይተዉት፣ በእግርዎ ይራመዱ» አለኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጥቆማ ሌላ ቦታ ያለች ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ፤ ወጣት ልጅ ናት፣ ጫማዬን ገልብጣ አየች፣ በባዶ እግሬ አራመደችኝ፣ የባቴን ጡንቻ ዳሰሰች። ሕመሙ በውስጥ እግር ሥር ያለው ጅማት መቆጣት እንደሆነና በ20 ዓመት ሯጮችም ላይ እንደሚደርስ ነገረችኝ። ስድስት ሳምንት ሩጫ አቁሜ፣ በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ እያወረድኩና እያነሣሁ እንድሠራ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ጣቶቼን ወደ ራሴ እየሳብኩ እንዳፍታታ አዘዘችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ሙሉ በሙሉ ተመለስኩ። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው፣ ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው፤ በተለይ ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ያለበት ሰው ሳይመረመር አይጀምር። ነገር ግን የዕድሜን ቁጥር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሐኪም ምርመራ አላደረገም፤ ሌላ ሐኪም የመፈለግ መብት አላችሁ።

የመንገድ ላይ ወጣቶች ጉዳይ ረጅም ወሬ አይፈልግም። «ማዘር፣ ማን አባረረሽ?» የሚል አለ፤ የታክሲ ረዳትም «ማዘር ግቢ፣ ቦታ አለ» ይለኛል። መጀመሪያ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብዬ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» አልኳቸው፤ ደነገጡ። በሳምንቱ ከመካከላቸው አንዱ «በርቺ ማዘር» ማለት ጀመረ። ሰላምታ የማይመልስ ልጅ በአገራችን ገና ብዙ የለም።

ብቻዬን ሆኜ ይህን ያህል እንደማልዘልቅ ያወቅሁት ጓደኞች ሳገኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጃንሜዳ እሄዳለሁ፤ እዚያ ከሚሠሩት መካከል በ60ዎቹ ያሉ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ፣ አንዲት ደግሞ ከእኔ ሁለት ዓመት የምታንስ የሱቅ ባለቤት አሉ። አብረን እናሟሙቃለን፣ ዱብ ዱብ እንላለን፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እናፍታታለን። ስለሚያመን ነገር በግልጽ የምንነጋገረው እዚያ ነው፤ «ብለን ነበር» የሚል ሰው የለማ። በሁዳዴ የሩጫውን ርዝመት እንዴት እንደምንቀንስ፣ ከፍስክ ምግብ ርቀን ጉልበት እንዳናጣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ለውዙን እንዴት እንደምናበዛ የተማማርነውም በዚያ ነው። እኔ ረቡዕና ዓርብን የእረፍት ቀን አድርጌአለሁ፤ ለጾሙም ለእግሬም ተስማምቶኛል።

ከእነሱ ጋር ነው መጀመሪያ በ«ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ቀጥሎም በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊዎች በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመሮጥ የደፈርኩት። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረስኩ፤ የመጨረሻዬን ደግሞ በ1 ሰዓት ከ14። በዚያ የካናቴራ ባሕር ውስጥ፣ ከፊት የሚዘፍኑ ወጣቶች ከኋላም ልጃቸውን በትከሻቸው የያዙ አባቶች እያሉ፣ ዕድሜዬን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰዓቴን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ወደ ዜናው ተመለሰ። በልኩ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በዓለም አቀፉ የአንጋፋ አትሌቶች ውድድር ሯጮች ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ እንደሚመደቡ የነገሩኝ ወታደሩ ናቸው። 55 የሞላው ከ50 እስከ 54 ካሉት ጋር አይፎካከርም፣ 70 የሞላውም የራሱ እኩዮች አሉት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ልደቴን የምጠብቀው በሌላ ልብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ 60 ሲሞላኝ መሥሪያ ቤቴ በጡረታ ያሰናብተኛል፤ በሩጫው ግን ከ60 እስከ 64 ባለው ምድብ ከሁሉም ታናሽ ሆኜ እገባለሁ። የዳገት ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሬአለሁ።